ውሃውን አልለቅ ያለ አሮጌ የዕቃ ማጠቢያ መኪና

የዕቃ ማጠቢያ መኪና ሥራውን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ በሩ ሲከፈት፣ ከታች ቅባት ያዘለና የምግብ ፍርፋሪ የሚንሳፈፍበት ውሃ ተኝቶ ቢገኝ፣ የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚናገረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አርጅቷል፤ ይጣል።» መኪናው ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ያገለገለ ከሆነማ ይህን ፍርድ የሚቃወም አይገኝም። እኛ ግን ዛሬ ለአሮጌው መኪና ጥቂት ጥብቅና ልንቆምለት አስበናል። ምክንያቱም ውሃ አልለቅም ያለው መኪና ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ደኅና ሆኖ፣ በሽታው የሚገኘው ከእርሱ ውጪ ነው። ይህንንም ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ባልዲና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።

ነገሩ ለአንባቢያችን ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ አሜሪካ የሚሻገር ወጣት ኪራዩ ቀለል ያለ የቈየ ቤት ቢይዝ፣ በወጥ ቤቱ ውስጥ ከቤቱ ጋራ አብሮ ያረጀ የዕቃ ማጠቢያ መኪና ማግኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቱ ከፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውሃ ከታች ላለው ጎረቤት ጣራ ይደርሳል፤ የካሣ ጥያቄም ይከተላል። በኪራይ ቤት መኪናው የባለቤቱ ንብረት ስለ ሆነ፣ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ እንደሚገባ ከወዲሁ እንናገራለን።

መኪናው የትናንት ፈጠራ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን እናስታውስና፣ በኢሊኖይ ግዛት ሸልቢቪል በምትባል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክሬን ለመኪናቸው የፈጠራ መብት የተሰጣቸው ዲሴምበር 28 ቀን 1886 ነው። ከእርሳቸው በፊት የተሞከሩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ የወይዘሮዋ ብልኀት ግን ሳህኖቹን በሽቦ በተሠራ መደርደሪያ አስቀምጦ በውሃ ግፊት ማጠቡ ላይ ነው። ባለቤታቸው በ1883 ዕዳ ትተውባቸው ስለ ሞቱ ፈጠራው ለእርሳቸው የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን አቅርበውት ተሸለሙበት፤ ይሁን እንጂ ገዢዎቻቸው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። በ1913 ዐረፉ። ኩባንያቸውን በ1926 ሆባርት የተባለው ድርጅት ገዛው፤ ይኸው ድርጅት በ1949 ኪችንኤይድ በሚል ስም ለመኖሪያ ቤት የሚሆነውን መኪና ለገበያ አወጣ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ከተሠሩት ውስጥ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ባለቤቶቻቸው የሚወዷቸው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ትእዛዝ የሚሰጣቸው እንደ ዛሬዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ሳይሆን፣ ትንሽ ሞተር እያዞረችው በጥርሶቹ ማብሪያና ማጥፊያዎችን የሚነካካ ሰዓት ቈጣሪ ነው። ይህ ሰዓት ቈጣሪ በእጅ ዞሮ በተፈለገው የሥራ ክፍል ላይ ሊቆም ይችላል። ለመርማሪ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይጠብቅ መኪናውን «አሁን አፍስስ» ብሎ ሊያዝዘው ይችላልና። ነገር ግን መቈጣጠሪያው የሚዞረው መኪናው ጠፍቶ ሳለና የሰዓት ዘንግ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ መሆን አለበት። ወደ ኋላ የተገፋ ሰዓት ቈጣሪ ጥርሱ ይሰበራል።

ውሃው የሚሄድበት መንገድ

ውሃው በጤናማው መኪና ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ሳያውቁ ብልሽት መፈለግ በጨለማ መዳበስ ነው። ታጥቦ የቈሸሸው ውሃ በማጥለያው በኩል ከመኪናው ወለል ወዳለው የውሃ መጠራቀሚያ ይወርዳል። ፓምፑ ይቀበለውና በማፍሰሻው ጎማ ሽቅብ ይገፋዋል። ጎማው ከወጥ ቤቱ ገንዳ ሥር ጠርዝ አጠገብ ድረስ ከፍ ብሎ ይወጣና ተመልሶ ወርዶ፣ ከገንዳው የቈሻሻ መውረጃ ቧንቧ ወይም ከምግብ ትራፊ መፍጫው ጋራ ይገናኛል። ከዚያ በኋላ ያለው የቤቱ ቧንቧ ነው።

አሮጌዎቹ የአሜሪካ መኪናዎች ውሃውን በሚያወጡበት ዘዴ በሁለት ዋና ወገኖች ይከፈላሉ። በአንደኛው ወገን ሞተሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር ውሃውን በሳህኖቹ ላይ ይረጫል፤ አቅጣጫውን ለውጦ ሲዞር ያንኑ ውሃ ወደ ውጪ ይገፋል። በሁለተኛው ወገን ሞተሩ ምንጊዜም የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ የውሃውን መንገድ የሚለውጠው ሶሌኖይድ ነው። ሶሌኖይድ ማለት የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በመካከሉ ያለውን የብረት ዘንግ የሚስብ ማግኔት ነው። ዘንጉ ሲሳብ የማፍሰሻው መዝጊያ ይከፈታል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ መዝጊያውን ስፕሪንግ ይመልሰዋል። ጀኔራል ኤሌክትሪክ «ፖትስክረበር» እያለ ይሸጣቸው ከነበሩት ብዙዎቹ ከዚህኛው ወገን ናቸው። በኋላ ዘመን የመጡት መኪናዎች ግን ለማፍሰስ ብቻ የተመደበ ትንሽ ፓምፕ ስላላቸው ለዛሬ እንተዋቸዋለን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ የታየው ውሃ በእርግጥ የብልሽት ምልክት መሆን አለመሆኑ ነው። በመጠራቀሚያው ውስጥ ጥቂት ንጹሕ ውሃ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ እንዲያውም የፓምፑ የጎማ ማሸጊያ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይጠብቀዋል። ለወራት ሳይሠራ የቈየ መኪና ማፍሰስም ማጠብም አልችል ሲል አንዱ ምክንያት ይኸው ውሃ ተኖ ማሸጊያው ከዘንጉ ጋራ መጣበቁ ነው። የመኪናውን ወለል የሸፈነና የቈሸሸ ውሃ ከሆነ ግን ሥራ አለ። ጥቂቱን ንጹሕ ውሃ አይቶ መኪናውን መፈታታት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል።

ሥራ ካለ ከሁሉ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ይጥፋ። አሮጌዎቹ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ከግድግዳ የሚነቀል መሰኪያ የላቸውም፤ ሽቦአቸው በቀጥታ ከቤቱ መሥመር ጋራ የተገናኘ ነው። ስለዚህ መቈጣጠሪያውን «ጠፍቷል» ላይ ማድረግ አይበቃም፤ የመኪናውን ብሬከር ከኤሌክትሪክ ሣጥኑ ማጥፋት፣ አሮጌ ቤት ከሆነም ፊውዙን መንቀል፣ ከዚያም መሥመሩ በእርግጥ መሞቱን በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የሽቦው ልባስ ሲነኩት የሚፈረፈር ሆኖ ከተገኘ ሥራው እዚያው ይቁምና ባለሞያ ይጠራ። ውሃ ላይ ተንበርክኮ በ120 ቮልት መጫወት ለማንም አንመክርም።

ሌላም የምናስጠነቅቀው ነገር አለ። የተደፈነ ቧንቧ ለመክፈት የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት መድኃኒት ወደ መኪናው ሆድ መፍሰስ የለበትም። የጎማ ማሸጊያዎቹን ይጎዳል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋም ነበር። ጎማውን ለመፈተሽ የሚፈታው ሰው ፊቱን ከሥር አድርጎ ስለሚተኛ፣ በጎማው ውስጥ የቀረው መድኃኒት በቀጥታ ከዐይኑ ላይ ሊወርድ ይችላል። ገንዳው ውስጥ የፈሰሰም ቢሆን ወደ መኪናው ተመልሶ ሊገባ ይችላልና፣ ቀደም ሲል ፈሶ እንደ ሆነ የቤቱን ሰው መጠየቅ ተገቢ ነው።

የባልዲው ፈተና

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንመጣለን። የማፍሰሻው ጎማ ከገንዳው ሥር ካለው ቧንቧ ጋራ ከተገናኘበት ቦታ በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ ማሰሪያው ላልቶ ይፈታል፤ ጫፉም ወደ ባልዲ ይገባል። ከመፈታቱ በፊት በውስጡ የቀረ ውሃ ስለሚፈስ ፎጣ ማንጠፍ ያሻል። ከዚያ የመኪናው የታችኛው ሽፋን መዘጋቱና ወለሉ መድረቁ ታይቶ ኤሌክትሪኩ ይመለስ፤ ሰዓት ቈጣሪውም በማፍሰሻው ክፍል ላይ ይቁምና መኪናው ይነሣ። አሮጌ መኪና በአንድ ሙሌት 10 ሊትር ያህል ውሃ ሊይዝ ስለሚችል አንዱ ሰው ባልዲውን ሲይዝ ሌላው በሩ አጠገብ ይቁም። ባልዲው ሊሞላ ሲል በሩ ከተከፈተ መኪናው ወዲያው ይቆማል።

ውሃው በኀይል እየተገፋ ወደ ባልዲው ከገባ የመኪናው ጉዳይ አለቀ፤ ነጻ ነው። ፓምፑም፣ ሞተሩም፣ ሰዓት ቈጣሪውም ሥራቸውን ሠርተዋል። የተደፈነው ከጎማው ወዲያ ያለው ነው። አንድ ሰው ይህን ቀላል ፈተና ሳያደርግ ፓምፕ ገዝቶ ቢለውጥ፣ አዲሱም ፓምፕ እንደ አሮጌው ውሃውን መልሶ ሲያጠራቅምበት ያያል።

ከጎማው ወዲያ ካሉት ምክንያቶች ውስጥ እኛን በጣም የሚያስገርመን የትራፊ መፍጫው ነው። አዲስ መፍጫ ሲሠራ የዕቃ ማጠቢያው ጎማ የሚገባበት ቀዳዳ በውስጡ በክዳን ተደፍኖ ይመጣል፤ መኪና የሌለው ቤት እንዲሁ እንዲጠቀምበት ነው። መፍጫውን የሚተክለው ሰው ይህን ክዳን በካቻቢቴና በመዶሻ መትቶ አውጥቶ መጣል አለበት። ረስቶት ከሄደ፣ ትናንት ደኅና የነበረው መኪና ዛሬ ውሃ አልለቅ ይላል። ስለዚህ «በዚህ ሰሞን በገንዳው ሥር የተሠራ ሥራ አለን?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ መፈታታት ያድናል። በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ በገንዳው ጠርዝ ላይ ክዳን ያላት አጭር ዕቃ ቆማ ትታያለች። የአየር ክፍተት የሚሏት ናት፤ የገንዳው ቈሻሻ ውሃ ወደ ንጹሖቹ ሳህኖች ተስቦ እንዳይመለስ የምትከለክለው እርሷ ነች። በውስጧ ፍርፋሪ ሲጠራቀም መኪናው ሲያፈስ ውሃው በእርሷ በኩል ወደ ገንዳው ይተፋል። ክዳኗን አንሥቶ ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

መኪናው ከነአካቴው አፍስሶ ሲያበቃ ውሃው ተመልሶ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ይህን ለመለየት ጎማው ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ የመኪናው ሆድ በስፖንጅ ተመጥጦ ይድረቅና፣ መኪናው ሳይነካ ገንዳው በውሃ ተሞልቶ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ። በደረቀው ሆድ ውስጥ ውሃ ከታየ የመጣው ከገንዳው ነው። ጎማው ወደ ገንዳው ጠርዝ ከፍ ብሎ መታሰሩ፣ ቧንቧውም አለመደፈኑ ይታይ። በእንዲህ ያለ ቤት ሰው የሚበላበት ሳህን የሚታጠበው በገንዳው እድፍ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የጤናም ጉዳይ መሆኑ አይዘነጋ።

ባልዲው ውስጥ የገባው ውሃ ደካማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጎማውና ወደ ማጥለያው ይዞራል። የአሮጌ መኪና ጎማ አታላይ ነው። ከውጪ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ የውስጠኛው ልባስ ግን በብዙ ዘመን ሙቀትና ቅባት አብጦና ተላቆ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ጎማውን ከሁለቱም ጫፍ ፈትቶ፣ ካጠቡት በኋላ በአንድ በኩል ሲነፉበት ትንፋሹ ያለ ችግር ማለፍ አለበት። በመኪናው ጀርባ የተጣጠፈ ከሆነም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ጎማ ለማዳን ከመድከም አዲስ መግዛቱ ይሻላል፤ ከፓምፕ ጋራ ሲተያይ ዋጋው ጥቂት ነው።

ማጥለያውን የሚያነሣ ሰው ወፍራም ጓንት ያጥልቅ፤ ከሥሩ የተሰበረ ብርጭቆ ይገኛልና። ከብርጭቆው ሌላ የወይራ ፍሬ፣ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር፣ ከማሰሮ ላይ ተላቆ እንደ ሊጥ የሆነ ወረቀት ይገኛል። ስንጥር ከፓምፑ ክንፎች መካከል ከገባ ውሃውን አያቆመውም፤ ነገር ግን ፀጉርና ወረቀት እየያዘ ውሎ አድሮ ያደክመዋል።

አረፋም ሊዘነጋ አይገባም። ለእጅ ማጠቢያ የተሠራው ሳሙና በመኪናው ውስጥ ከተጨመረ ሆዱ በአረፋ ይሞላል። ፓምፕ ውሃ እንጂ አየር መግፋት አይችልም፤ ስለዚህ ሞተሩ እየጮኸ ውሃው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ነገሩ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ነው። አረፋው እስኪሞት ጠብቆ ውሃውን በዕቃ እየቀዱ ማውጣት፣ ከዚያም ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅ እንጂ ሌላ ጥገና አያሻውም።

ወደ ባልዲው ጨርሶ ምንም ካልገባ ጆሮን መጠቀም ነው። ሞተሩ «እም» እያለ የማይዞር ከሆነ አንድ ነገር ይዞታል፤ ወይም ብርጭቆ በክንፉ ተሰክቷል፣ ወይም ዘንጉ ተጣብቋል። ወዲያውኑ ይጥፋ፤ ቆሞ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ሞተር ይቃጠላል። ሞተሩ እየዞረ ውሃው የማይወጣ ከሆነና መኪናው ከሶሌኖይዱ ወገን ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ሽፋኑ ይነሣና የሶሌኖይዱ ዘንግ በጣት ይሳብ። ያለ እንቅፋት ተስቦ ሲለቁት በስፕሪንጉ ፈጥኖ መመለስ አለበት። ቅባትና ዝገት ይዞት ከሆነ ማጽዳቱ ይበቃዋል። በነጻነት እየተንቀሳቀሰ መኪናው ሲሠራ ግን የማይሳብ ከሆነ፣ ሽቦው መበጠሱና አለመበጠሱ ሁለቱ ሽቦዎቹ ተነቅለው በቴስተር ይለካል። መኪናው አቅጣጫ ከሚለውጠው ወገን ሆኖ ደኅና እያጠበ የማያፈስ ከሆነ ደግሞ፣ ሞተሩ በአንድ በኩል መዞሩ ታይቷልና፣ ጥርጣሬው አቅጣጫውን እንዲለውጥ በሚያዝዘው የሰዓት ቈጣሪው ክፍልና በሽቦዎቹ ላይ ይወድቃል። ይህን ለባለሞያ መተው ይሻላል።

መቼ ይጣል?

ጥብቅና ቆመናል ስንል ግን ያረጀ ሁሉ ይኑር ማለታችን አይደለም። በ1999 የአሜሪካ የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ኮሚሽንና ጀኔራል ኤሌክትሪክ ከ1983 እስከ 1989 በጂ ኢና በሆትፖይንት ስም ስለ ተሠሩ 3.1 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ሳህኖቹ በሙቀት እንዲደርቁ ወይም ኤሌክትሪክ እንዲቈጠብ የሚመረጥባት ተንሸራታች ማብሪያ ቀልጣ እሳት ልታስነሣ ትችላለች ተብሎ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ዓመታት የተሠራ መኪና ያለው ሰው የማፍሰሻውን ጉዳይ ከመመርመሩ በፊት በበሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈውን የሞዴልና የተከታታይ ቍጥር ከማስጠንቀቂያው ጋራ ያስተያይ። ወለሉ በዝገት የተበሳም መኪና ቢጠገን ዋጋ የለውም። የውሃውም ሒሳብ አለ። የጥንቶቹ ለአንድ እጥበት ከ10 እስከ 15 ጋሎን፣ ማለት ከ38 እስከ 57 ሊትር ያህል ይጠጣሉ፤ ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የሚሠራ መደበኛ መኪና ግን ከ5 ጋሎን፣ ማለት ከ19 ሊትር ያህል እንዳያልፍ በደንብ ተወስኗል። ውሃ ውድ በሆነበት ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ሆኖም በ20 ዶላር ጎማ የሚድን መኪና አውጥቶ መጣል አዲሱን ከመግዛት በፊት ሊታሰብበት ይገባል።

ዕቃው ወደ አገር ቤት ሲመጣ

ከአሜሪካ ኑሮውን ጠቅልሎ የሚመለስ ሰው አሮጌውን መኪና ከዕቃው ጋራ ልጫነው ብሎ ቢያስብ፣ አንድ ሌላ የማፍሰስ ችግር ይጠብቀዋል። የአሜሪካ መኪና የሚሠራው በ120 ቮልትና በሰኮንድ 60 ዙር በሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ዙር ነው። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያወርደዋል። ዙሩን ግን ትራንስፎርመር አይለውጠውም።

የእነዚህ መኪናዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚሁ ዙር ስለ ሆነ በ50 ዙር የሚዞረው ቀድሞ ከሚዞረው ከስድስቱ እጅ አምስቱን ብቻ ነው። ባለ ክንፍ ፓምፕ ውሃን ሽቅብ የሚገፋበት ኀይል ደግሞ ከፍጥነቱ ይልቅ አብልጦ ይቀንሳል፤ አምስት ስድስተኛ በአምስት ስድስተኛ ሲባዛ ከመቶ 69 ያህል ነው። ሰዓት ቈጣሪውም በዚያው ልክ ስለሚዘገይ የ60 ደቂቃው ሥራ 72 ደቂቃ ይፈጃል። ሞተሩም ከ120 ቮልት ይልቅ ወደ 100 ቮልት ዝቅ ካላለለት ከልክ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለው መኪና በባልዲው ፈተና ደካማ ሆኖ ቢታይ፣ ተፈትቶ ቢመረመር የተሰበረ ነገር አይገኝበትም። ባይጫን ይሻል ነበር፤ ከተጫነ ግን ማድረግ የሚቻለው ለ100 ቮልት የተሠራ ትራንስፎርመር መፈለግ፣ ጎማውንም አጭርና ቀጥ ያለ አድርጎ ከገንዳው ጠርዝ በላይ አለማውጣት ነው።